ወደ ሩቅ ጋራ ፍርስራሽ በእግር ለመሄድ፦ ከመመለሻው ጀምራችሁ ቁጠሩ

ይሄ መመሪያ አስፋልት ዳር ላለ፣ ቲኬት ተቆርጦ ለሚገባበት ቦታ አይደለም። ከመኪና ወርዳችሁ ግማሽ ቀን ዳገት ለሚጠብቃችሁ፣ ምልክት ለሌለው፣ ኔትወርክ ለሚጠፋበት፣ ደርሳችሁም ምናልባት ከሳር ውስጥ ብቅ ያለ የድንጋይ ካብ ብቻ ለምታገኙበት አይነት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ሰው በብዛት የሚቸገረው ሲመለስ ነው፣ ምክንያቱም ሲሄድ ጉጉቱ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ግን ጉልበቱም ውሃውም ብርሃኑም አንድ ላይ ነው የሚያልቁት። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ከማታው ወደ ጠዋቱ እየቆጠርን ነው የምናቅደው።

ደረጃ 1፦ ቦታው የቱ ጋር እንደሆነ አጣሩ

ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው የሚሳሳተው። ድሮ በታተሙ ጽሑፎች ላይ ያለ ኮኦርዲኔት (ቦታው የት እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ በዲግሪና በደቂቃ ብቻ ነው የሚጻፈው፣ በላቲቲውድ (በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ) አንድ ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ 1/60) ደግሞ መሬት ላይ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም እሱን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጭራሽ ሌላ ጋራ ላይ ልትወጡ ትችላላችሁ። በነጥብ የተጻፈ ከሆነ ከነጥቡ በኋላ ስንት አሃዝ እንዳለ እዩ፣ ሁለት ከሆነ ልዩነቱ በኪሎ ሜትር ነው፣ አራት ከሆነ ወደ 11 ሜትር ይወርዳል፣ ለኛ ያ ይበቃል። ሁለቱን አጻጻፍ ደግሞ አታደባልቁ፣ 30 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ማለት 30.25 ነው እንጂ 30.15 አይደለም፣ በላቲቲውድ ይቺ ስህተት ብቻዋን 11 ኪሎ ሜትር ታስታችኋለች።

ቀጥሎ ሳተላይት ምስል ላይ ራሳችሁ ፈልጉት። ጎግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስሎችን እያገላበጡ ማየት ይቻላል፣ ከነሱ ውስጥ በደረቅ ወቅት የተነሳውንና ጥላው ረዘም ያለውን ምረጡ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል ትንሽ ከፍ ያለ ካብ እንኳ ጥላ ስለሚጥል ቅርጹ ይወጣል። ከመሬት በታች የተቀበረ ግንብ ካለ በላዩ ያለው ሳር አፈር ስለሚያጥረው ቶሎ ይደርቃል፣ የተሞላ የድሮ ቦይ ካለ ደግሞ እርጥበት ስለሚይዝ ሳሩ ለምለም ይሆናል፣ እና ከላይ ሲታይ መስመር ሠርቶ ይታያል። አሜሪካኖች ከ1960 እስከ 1972 (እ.ኤ.አ) ኮሮና በሚባለው የስለላ ሳተላይት ያነሷቸው ፎቶዎች በ1995 ሚስጥርነታቸው ተነስቶ ለሕዝብ ተለቀዋል፣ አርኪዮሎጂስቶች ዛሬም ድረስ ይጠቀሙባቸዋል፣ ምክንያቱም መንገድና እርሻ ከመስፋፋቱ በፊት መሬቱ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያሉ። እንደኔ ሱስ ያለባችሁ ሌሊቱን እዛ ላይ ታሳልፋላችሁ፣ ግን ለመሄድ ግዴታ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ዳገቱን ቁጠሩ፣ ርቀቱ ይቆያችሁ

"8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው" የሚል ሰው ስለ ጋራ ምንም አልነገራችሁም። የኮንቱር መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ያለው ማፕ ያስፈልጋችኋል። በ1:50,000 ማፕ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሁለት መስመሮች መሃል ያለው የከፍታ ልዩነት ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ነው (ጠርዙ ላይ ተጽፏል፣ አረጋግጡ)፣ ስለዚህ መንገዳችሁ 10 መስመር ካቋረጠ 200 ሜትር ወጥታችኋል ማለት ነው። መስመሮቹ ተጠጋግተው ሊነካኩ ከደረሱ ገደል ነው፣ በዛ በኩል አታስቡት። መስመሮቹ ሹል ሠርተው ሹሉ ወደ ከፍታ ካመለከተ ሸለቆ ነው፣ ወደ ዝቅታ ካመለከተ ሸንተረር ነው። መምረጥ ከቻላችሁ በሸንተረሩ ሂዱ፣ ፀሐይና ንፋስ ቢበዛበትም የት እንዳላችሁ ሁሌም ይታያችኋል።

የመነሻውንና የመድረሻውን ከፍታ ቀንሶ "ዳገቱ ይሄን ያህል ነው" ማለት ግን ያሳስታል፣ መሃል ላይ የምትወርዱት ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ፔሩ ውስጥ ያለው የኢንካዎች ፍርስራሽ ቾኬኪራው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ በተለመደው መንገድ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ አፑሪማክ ወንዝ ይወርዳል፣ ከዛ ወዲያ ማዶ ያንኑ ያህልና ከዛም በላይ ይወጣል፣ ሲመለስ ደግሞ በመጨረሻው ቀን በደከመ እግሩ እንደገና ዳገት ይጠብቀዋል። ማፕ ላይ መነሻውና መድረሻው ያን ያህል የከፍታ ልዩነት የላቸውም! ስለዚህ የመሄጃውን ዳገት ለብቻ፣ የመመለሻውን ዳገት ለብቻ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ከማታ ወደ ጠዋት አስሉ

ከሁሉም በላይ ይሄኛውን ደረጃ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 (እ.ኤ.አ) ያወጣት ቀላል ሂሳብ አለች፣ እስካሁን ሰው ይጠቀምባታል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዛ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። ለምሳሌ መሄጃው 8 ኪሎ ሜትር ሆኖ 700 ሜትር ዳገት ካለው፣ ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ድምሩ 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይመጣል። ግን ይሄ ምንም ሳያርፍ በደህና መንገድ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። እናንተ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ መንገድ ትስታላችሁ፣ ኮረቱ ያንሸራትታችኋል፣ ስለዚህ ግማሹን ጨምሩበትና ወደ 4 ሰዓት ውሰዱት። ቁልቁለቱን በግማሽ ሰዓት እንሮጠዋለን የሚል ሰው ካለ አትስሙት፣ ልቅ ጠጠር ያለበት ቀጥ ያለ ቁልቁለት ከዳገቱ ብዙም አይፈጥንም፣ 3 ሰዓት ያዙለት።

አሁን ከኋላ እንቁጠር። ፀሐይ ምሽት 12:30 የምትጠልቅ ከሆነ (ስልኩ 18:30 ብሎ ነው የሚያሳያችሁ፣ እሱ ላይ እንዳትሸወዱ) 11 ሰዓት ላይ መኪናው ጋር መድረስ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ጋራ መሃል ያለ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ በወረቀት ከተጻፈው ሰዓት ቀድማ ነው የምትጠፋው። ከ11 ላይ የመመለሻውን 3 ሰዓት ቀንሱ፣ 8 ሰዓት። ይቺ 8 ሰዓት የመመለሻ ሰዓታችሁ ናት። 8 ሰዓት ሲሆን ፍርስራሹ 300 ሜትር ቀርቶትም ቢሆን ትዞራላችሁ፣ በዓይናችሁ እያያችሁትም ቢሆን! ይሄን ጠዋት በጤነኛ ጭንቅላት ተስማሙበት፣ ምክንያቱም 8 ሰዓት ላይ ደክማችሁ "ትንሽ ነው የቀረን" የሚል ሰው ከቡድኑ አይጠፋም። ከ8 ላይ ደግሞ ለማየት 1 ሰዓት ተኩል፣ ለመሄጃ 4 ሰዓት ስትቀንሱ ጠዋት 2:30 ይመጣል፣ ያ የመጨረሻው መነሻ ነው፣ ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ በቃ።

ደረጃ 4፦ ስልኩን አዘጋጁ፣ ግን አትመኑት

ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ የሚጠፋባችሁ ማፑ ነው፣ ስለዚህ ኦፍላይን ማፑን ቤት ሆናችሁ በዋይፋይ አውርዱ። በኦፕን ስትሪት ማፕ (ማንም ሰው ገብቶ የሚስለው ነጻ ማፕ) ላይ የተመሠረቱ አፖች የእግር መንገድ በማሳየት ብዙ ጊዜ የተሻሉ ናቸው፣ ግን እዛ ላይ ያለ ቀጭን መስመር ሁሉ መንገድ ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው ከሳተላይት ምስል ላይ አይቶ የሳለው የፍየል መንገድ ነው። ካወረዳችሁ በኋላ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ማፑ መከፈቱን እዛው ቤት ሞክሩ። መንገድ ላይም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፣ ሲግናል ሲፈልግ የሚውል ስልክ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ፓወር ባንክና ገመዱን አትርሱ (ገመዱ ነው ሁሌ የሚረሳው)። ማፑን ደግሞ በወረቀት ፕሪንት አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ወረቀት ወድቆ ስክሪኑ አይሰበርም።

ለማይሄድ አንድ ሰው ደግሞ የትኛውን መንገድ እንደምትሄዱ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደውሉና ካልደወላችሁ ስንት ሰዓት ላይ እርዳታ እንደሚጠራ ጽፋችሁ ስጡት። "ማታ እደውላለሁ" ማለት አይበቃም፣ ማታ ስንት ሰዓት?

ደረጃ 5፦ እግርና ውሃ

አዲስ ጫማ አይሆንም፣ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት የተረገጠ መሆን አለበት፣ ሶሉ ጥርስ ያለው። የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት ጫማው ጫፍ ላይ ሲጋጭ ረጅም ጥፍር ይጠቁራል። እግራችሁ የሆነ ቦታ ሲሞቃችሁና ሲፈገፍጋችሁ እዛው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ፣ ውሃ ከቋጠረ በኋላ መለጠፍ ለማስታመም ነው እንጂ ለመከላከል አይሆንም። ጉልበት የሚያማችሁ ምርኩዝ ያዙ፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር አስቡ፣ ሙቀት ከሆነ እስከ 1 ሊትር። ለ8 ሰዓት 4 ሊትር ማለት ነው፣ 4 ኪሎ ጀርባችሁ ላይ፣ አዎ ይከብዳል ግን ሌላ መፍትሄ የለም። የምንጭ ወይ የወንዝ ውሃ ከተጠቀማችሁ አፍሉት፣ መንፈር ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ፣ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። የክሎሪን ኪኒን ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ፣ ብዙዎቹ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ፣ ግን ሁሉንም ተሕዋስ አይገድልም፣ ከላይ ከብት የሚውልበትን ውሃ በኪኒን ብቻ አትመኑት።

የቀረው በአጭሩ፦ በግንባር የሚታሰር መብራት (የስልክ መብራት አይቆጠርም፣ እጅ ይይዛል ባትሪ ይበላል)፣ ፊሽካ፣ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ተጨማሪ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ፋሻ። ሹራቡ የሚያስፈልገው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ ነው፣ ታች በቲሸርት የነበረ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ጫፍ ላይ ንፋስ ሲያገኘው ይንቀጠቀጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ከሆነና ከዝቅታ የመጣችሁ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን መሃል ላይ እደሩ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ አትውጡ፣ እየባሰ ከሄደ ውረዱ።

ደረጃ 6፦ መንገድ ላይ

እረኛ ወይ ገበሬ ካገኛችሁ ሰላም በሉ፣ ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ ከጂፒኤሱ ይበልጣል። ሃይረም ቢንግሃም በ1911 (እ.ኤ.አ) ማቹ ፒቹን "አገኘ" ይባላል፣ ግን ቦታውን የነገረው ሜልቾር አርቴጋ የሚባል የአካባቢው ገበሬ ነው፣ ሲደርስም እዛው ፍርስራሹ ውስጥ የሚያርሱ ቤተሰቦች ነበሩ። ስትጠይቁ ግን አጠያየቁን እወቁበት። "በዚህ ነው አይደል የሚኬደው?" ካላችሁ ሰው እንዳያሳፍራችሁ ብሎ አዎ ይላችኋል፣ "ይሄ መንገድ ወዴት ያወጣል?" በሉ። ቦታውንም መጽሐፍ ላይ ባለው ስም ብቻ አትጥሩ፣ የአካባቢው ሰው በዛ ስም ላያውቀው ይችላል፣ "የድሮ ግንብ ያለበት ጋራ" ስትሉ ነው የሚገባው። ርቀት ደግሞ በኪሎ ሜትር ሳይሆን "እርሶ በእግር ቢሄዱ መቼ ይደርሳሉ" ብላችሁ ጠይቁና የተባለውን በአንድ ተኩል አባዙት፣ እሳቸው እዛው ነው ያደጉት።

መንታ መንገድ ባገኛችሁ ቁጥር ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩት፣ ፎቶም አንሱት። መንገድ ከፊትና ከኋላ ሲታይ አይመሳሰልም፣ ሲመለስ ሰው የሚጠፋው ለዚህ ነው። ድንጋይ እየከመራችሁ ምልክት አትሥሩ ግን፣ በተለይ ፍርስራሹ አጠገብ፣ ምክንያቱም የምታነሱት ድንጋይ የግንቡ ሊሆን ይችላል።

የጥንት ሰዎች ጅል አልነበሩም፣ ጋራ ላይ ሲሠሩ መግቢያቸውን የሆነ ለመውጣት በሚመች በኩል ነው የሚያደርጉት። ሦስቱ ጎን ገደል ሆኖ አንዱ ጎን ላላ ያለ ሸንተረር ካለው መጀመሪያ በዛ በኩል ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ የድሮው መንገድ ራሱ፣ የተነጠፈ ድንጋይ ወይ የተደገፈ እርከን ሆኖ፣ እዛ ላይ ይገኛል።

ደመና ከሰዓት በኋላ እየቆለለ ከመጣ ቶሎ ወስኑ። መብረቁን ካያችሁ በኋላ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሴኮንድ ቁጠሩ፣ ለየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ 30 ሴኮንድ ካልሞላ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ከሸንተረሩና ከጫፉ ውረዱ። ፍርስራሹ ግንብ ስር ወይ ብቸኛ ዛፍ ስር መጠለል አይሆንም። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ይሄ ሁሉ 8 ሰዓትን አያራዝመውም።

ደረጃ 7፦ ደረሳችሁ፣ አሁን እዩ

ብዙ ሰው ደርሶ "ይሄ ነው እንዴ?" ይላል። ቦርሳችሁን አውርዱ፣ 10 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዛ ዓይናችሁ መለየት ይጀምራል። ቀጥ ያለ መስመር ፈልጉ፣ ማዕዘን ፈልጉ፣ መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ ድንጋይ በረድፍ ሲሄድ ፈልጉ። ቀጥ ያለ ሁሉ የሰው ሥራ አይደለም ግን፣ ባሳልት የሚባለው እሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ራሱ ስድስት ጎን ያለው ምሰሶ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ድንጋይም በቀጥታ ይሰነጠቃል። የመሮ ምልክት፣ የተጠረበ ጠርዝ፣ ለበር ማጠፊያ የተፈለፈለ ጉድጓድ፣ የገል ስባሪ ካያችሁ ያኔ ሰው ነበረበት። ከዛ ውሃቸውን ፈልጉ፣ ጋራ ላይ የኖረ ሰው ውሃ የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ አያጣም። ይሄን ስትፈልጉ ግን ቀስ፣ የድሮ ጉድጓድ አፉ በሳር ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል በምርኩዝ እየነካችሁ ሂዱ። ዋሻና መቃብር ውስጥ አትግቡ፣ ጣራው መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም፣ የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት አቧራም ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል።

ጽሑፍ ወይ ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ካገኛችሁ ጎን ለጎን የሚመጣ ብርሃን ነው የሚያወጣው፣ እኩለ ቀን ላይ ምንም አይታይም። ኮፍያችሁን ወይ ሹራባችሁን ይዛችሁ ጥላ አድርጉበትና የግንባር መብራቱን ከጎን አስጠግታችሁ አብሩበት፣ የማይታይ የነበረው ፊደል ብቅ ይላል። በጠመኔ መቀባት፣ ውሃ ማፍሰስ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት መሳይ ነገር መፋቅ፣ እነዚህ ሁሉ ድንጋዩን ይጎዱታል። ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይ የሆነ መጠኑ የሚታወቅ ነገር አድርጉ።

ካብ ላይ አትውጡ። ያለ ጭቃ የተካበ ግንብ በክብደቱ ብቻ ነው የቆመው፣ የላይኛውን አንዱን ስታነቃንቁት የታችኛው ይፈታል፣ እናንተንም ይዞ ይወርዳል። የገል ስባሪ ደግሞ አይታችሁ እዛው መልሱት፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደተገኘ ካልታወቀ ለአጥኚ የሚነግረው ነገር በጣም ያንሳል፣ ኪሳችሁ ውስጥ ሲገባ ሸክላ ብቻ ነው የሚሆነው። በብዙ አገር ደግሞ ወንጀል ነው፣ ድንበር ካሻገራችሁት ይብሳል፣ ዩኔስኮ በ1970 (እ.ኤ.አ) ያወጣው ስምምነት የተዘረፈ ቅርስ እንዳይዘዋወር የሚከለክል ነው። ድሮን ልታበሩ ካሰባችሁም ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ 8 ሰዓት ሆነ፣ ውረዱ

በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ። "በዚህ በኩል ያቋርጣል" የሚባል ነገር ጠዋት ነው የሚሞከረው። መንገድ ከጠፋባችሁ ወንዝ ተከትሎ መውረድ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፣ ግን ጋራ ላይ ጅረት ፏፏቴና ገደል ላይ ያደርሳችኋል፣ ተመልሶ መውጣት የማይቻልበት ቦታ ላይ ትያዛላችሁ። ይልቅ እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። አትለያዩ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ሰው ነው፣ እሱን ከፊት አድርጉት። ደረጃ እንደምትወርዱ አጭር አጭር እርምጃ፣ ተረከዝ ሳይሆን ሙሉ እግር።

ሰው ከተጎዳ በፊሽካ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ንፉ፣ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ ድገሙት፣ ማታ በመብራትም እንደዛው ነው። የሰማ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል፣ መልስ ሰማን ብላችሁ ግን አታቋርጡ፣ እናንተ ጋር እስኪደርስ ድምጹን ነው የሚከተለው። 112 በብዙ አገር ሞባይል ላይ ወደ ድንገተኛ እርዳታ ያገናኛል፣ ምንም ኔትወርክ ከሌለ ግን አይሠራም፣ የአካባቢውን ቁጥር ቀድማችሁ ጻፉት። የተጎዳውን ሰው ከመሬት አንሱት፣ ከስሩ ቦርሳ ገመድ ያላችሁን ሁሉ አንጥፉለት፣ ቅዝቃዜ የሚገባው ከታች ነው።

መኪና ጋር ስትደርሱ መጀመሪያ ለዛ ቤት ለቀረው ሰው ደውሉ፣ ሰዓቱ ካለፈ ሰው ፍለጋ ይወጣልና። ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ ጠባቂ የሌለው ቦታ ከሆነ ሎኬሽኑን አጥፉ፣ ሀብት ቆፋሪዎችም እኮ ኢንተርኔት አላቸው። አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ወይ የፈረሰ ካብ ካያችሁ ፎቶውን ከነኮኦርዲኔቱ ለአገሩ ቅርስ መሥሪያ ቤት ላኩት።